አንድም ያልተሳሳተ ቃል

ሳጅኗን የጣቢያው ሰው ሁሉ «ወንፊት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ውሸት በእሷ በኩል አያልፍም ለማለት። እሷም አልጠላችውም። ኧረ እንዲያውም ወዳዋለች! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌባውንም፣ ደብዳቢውንም፣ ተበዳይ ነኝ ባዩንም ከፊቷ አስቀምጣ ቃል ስትቀበል አንድ ቀን ተሸወድኩ ብላ አታውቅም።

ዘዴዋ ቀላል ነው። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ከመነሻው ወደ መጨረሻው፣ ቀጥሎ ከመሃሉ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መነሻው። ሦስቱ ከገጠሙ አሳምራ ትጽፋለች። ካልገጠሙ የያዘችውን ማስታወሻ ብጭቅ አድርጋ ቅርጫት ውስጥ ትጥልና፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ታሰፍራለች፦ «የአመልካች ቃል እርስ በርሱ ይጋጫል።» በዚያች መስመር ስንቱ መዝገብ እንደተዘጋ እሷም አልቆጠረችው፣ ሌላም አልቆጠረው።

«እውነት አንድ መልክ ነው ያላት፤ ከፊት ብትመጣም ከኋላ ብትመጣም ያው ናት» ትላለች ለአዳዲስ መርማሪዎች።

ባሏ መካኒክ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። «እኔን እንኳ የት ዋልክ ብላ ሦስቴ ነው የምትመረምረኝ» እያለ ለጎረቤት ያወራባታል። «ከጋራዥ ስወጣ መንገድ ላይ ሸምድጄ ነው የምገባው። እውነቱን ነው የምሸመድደው፤ ውሸት መሰላችሁ?» ሰው ይንፈቀፈቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ናት አንድ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ የደረሳት። «ከባድ ጥቃት ከደረሰባቸው ሰዎች ቃል ስለ መቀበል፣ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና» ይላል። አንብባ ስታበቃ ደብዳቤውን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ቀልድ መሆኑ የተጻፈበት እንደሁ ብላ።

«ለዓሣ ዋና ሊያስተምሩት!» አለች።

አዳራሹ ወንበሩ የሚያንቋርር፣ መጋረጃው አልዘጋ ብሎ ፀሐይ ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሚታየውን ጽሑፍ የሚያጠፋበት ቦታ ነበር። ሳጅኗ የኋላውን ረድፍ መረጠች። አጠገቧ ስምንት ዓመት አብሯት የሠራው ዐቃቤ ሕግ ተቀመጠ፤ የእሷን አንድ መስመር እያየ «ተዘግቷል» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ሁለቱም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዴት ሹልክ ብለው እንደሚጠፉ ይመካከሩ ጀመር።

አሠልጣኟ ብዙ ዓመት ድንገተኛ ክፍል የሠራች ሐኪም ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ሳይወድ በግዱ ጆሮውን ያቀናል።

«ቤቱ በእሳት የተያያዘበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብላ ጀመረች። «ሣጥኑን ትቶ፣ ብርድ ልብሱን ትቶ፣ አንዲት ማንኪያ ይዞ ይወጣል። ስለ ማንኪያዋ ቢጠይቁት አያውቅም፤ እጁ ናት ያነሳቻት። እናንተ ደግሞ፣ ሣጥኑን ለምን አላወጣህም፣ ቤትህ ያልተቃጠለ ነው የሚመስለው ትሉታላችሁ።»

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ።

«ልሞት ነው ያለ ሰው አእምሮም እንደዚያ ነው። መልኩን አይዝም፣ ሰዓቱን አይዝም። ሽታ ይዞ ይወጣል። ወይ የቁልፍ ድምፅ፣ ወይ የግድግዳ ስንጥቅ። ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቅበታል። ቃሉን ሲሰጥ ሊስቅ ይችላል፤ ደስ ብሎት መሰላችሁ? ሰውነቱ ሌላ መውጫ አጥቶ ነው። ሦስቴ ብትጠይቁት ሦስት ዓይነት ይነግራችኋል። ማንኪያዋን ተቀበሉት እባካችሁ። ያቺ ማንኪያ የዚያ ቤት ናት።»

ዐቃቤ ሕጉ የሚያስቅ ነገር ሊነግራት ወደ ሳጅኗ ዞረ። ፊቷ አመድ መስሏል።

አንዲት ልጅ ትዝ ብላት ነው። ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት አልፎታል። የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አንገቷ ላይ የጣት ሰንበር ነበረባት። ከሥራ ስትመለስ የምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ከኋላ አንቆ ይዟት፣ ያደረገውን አድርጎ ጥሏት ሄዷል። ቃሏን ስትሰጥ ትስቃለች። ኪኪኪ ትልና አፏን በመዳፏ ትከድናለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። መልኩ ምን ይመስላል ስትባል «ቀለም ቀለም ይሸታል» ትላለች። ቁመቱስ? «የቀለም ማቅጠኛ፣ ቲነር፣ እሱ ነው የሚሸተው።»

«ልጄ፣ መልኩን ነው የጠየቅኩሽ» አለቻት ሳጅኗ ያኔ። «ሽታውን ተዪው፤ አያስፈልግም።»

ከመሃል ስትጠየቅ ከላይ ነው የመጣብኝ ያለችው ከታች ሆነ። ከመጨረሻ ወደ መነሻ ስትጠየቅማ ጭራሽ ጠፋች፤ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጠፋች። ሳጅኗ ማስታወሻውን በጨቀችው። ያቺን አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ ምሳዋን በላች፤ ይህንንም ታስታውሳለች።

በዕረፍቱ ሰዓት ሐኪሟን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አገኘቻት። «ያቺ የምትስቀዋ» አለች፤ መጀመሪያ የሌላት ዓረፍተ ነገር። «የምትስቀዋን ልጅ… እኔ መልሻታለሁ።»

«ስንት ናቸው?» አለቻት ሐኪሟ፤ ክፋት የለበትም አጠያየቋ።

ሳጅኗ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው እጇ ላይ ሲፈስ ቆየ።

ለዐቃቤ ሕጉም ነገረችው። እሱ ጨዋታውን ሁሉ ረስቶ ፈጥጦ አያት። «ቲነር ነው ያልሽው?»

«ቲነር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥር ቀን በፊት አንዲት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ደረጃ ላይ ከኋላ ታንቃ ተደብድባ ተገኝታለች። መንጋጋዋ ስለተሰበረ ቃሏን የሰጠችው በጽሑፍ ነው፤ «ፊቱን አላየሁም፣ ቲነር ይሸታል» ብላ። በጥርጣሬ የተያዘው ቀለም ቀቢ ነው። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሲሠራ ስለነበር ቢሸትስ ምን ይገርማል? ማስረጃው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዓርብ በዋስ ይለቀቃል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው።

«ያ ሰውዬ ከአራት ዓመት በፊት የት ይኖር እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ከልጅቷ ሕንፃ ጀርባ ነው። አምጪያት! ያንን ሽታ በራሷ አንደበት ካለችልኝ ሁለቱን መዝገብ አጣምሬ ዋስትና አስከለክለዋለሁ። ግን አደራ፣ አፏ ላይ እንዳታስቀምጪላት። አንድ ቃል ከጠቆምሻት አለቀልን።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሳጅኗ ሥልጠናው እስኪያልቅ አልቆየችም።

እናትና ልጅ ከዚያ ሕንፃ ወጥተው ሌላ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተዋል። እናትየው የሰው ልብስ ተኩሳ ነው የምታድረው፤ በሩን የከፈተችው ካውያውን እንደያዘች ነው። ሳጅኗን ወዲያው አወቀቻት።

«ምን ቀረሽ?» አለቻት። «ምን የረሳሽው አለ?»

ሳጅኗ ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። እናትየው ካውያውን አስቀመጠች።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ» አለች ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ። «ልጄ ያን ቀን ከጣቢያ መጥታ ምን እንዳለችኝ ላውራሽ? እማዬ፣ ፈተናውን ወደቅኩ ነው ያለችኝ።»

ልጅቷ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ሴት ሆናለች። ሳትቀመጥ፣ ሳትጠይቅ፣ «መቼ ልምጣ?» አለች።

«ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም፣ የኔ ልጅ።»

«ዝግጁ ነኝ እኮ እትዬ። ነገ ጠዋት ይመቸኛል።»

ሳጅኗ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። እየበረረች ነው የሄደችው፤ ልቧ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አላት። ለባሏም ማታ ነገረችው። እሱም በቀልድ ፋንታ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

በበነጋው ጠዋት የምርመራ ክፍሏን እንዳለ ገለበጠችው። በመሃል የነበረውን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፋችው። ልጅቷ እንዳትታፈን የእሷን ወንበር ከበሩ በኩል አደረገችላት። ውሃ አስቀመጠች፤ ስልኩን ነቀለች፤ የደንብ ልብሷን አውልቃ በሹራብ ተቀመጠች። ወረቀት አዘጋጅታ፣ ይህን ወረቀት አልቀድም ብላ ለራሷ ማለች።

«ከፈለግሽበት ጀምሪ» አለቻት። «ከፈለግሽ ከመጨረሻው፣ ካሻሽ ከመሃሉ። የማታስታውሺው ቢኖር አላስታውስም ማለት ይቻላል። አላቋርጥሽም።»

ልጅቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ ጀመረች።

«ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከሥራ የወጣሁት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የሕንፃው ደረጃ ሃያ ስድስት መወጣጫ አለው። አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ ከታች በኩል አንድ ወንድ መጣብኝ። ቁመቱ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል። በቀኝ እጁ አንገቴን ያዘኝ…»

አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም። አልሳቀችም። አላለቀሰችም። ጨረሰችና አንድ ጊዜ ትንፋሽ ወስዳ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከመሃሉ ጀመረች፦ «በቀኝ እጁ አንገቴን ያዘኝ። ቁመቱ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል…» ከዚያ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መነሻው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ሳትዛነፍ ወረደችው።

የሳጅኗ እስክሪብቶ ቆሟል።

«ይሄን… እንዲህ አድርጎ ማን አስጠናሽ?»

«ራሴ ነኝ» አለች ልጅቷ፤ ፊቷ ላይ ኩራት ቢጤ ብልጭ አለ። «ያን ጊዜ ዘባረቅኩብዎት አይደል? ደረጃውን እንኳ ሳላውቅ። በኋላ ሄጄ ቆጠርኩት። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ፤ በመጀመሪያው ቀን በሩ ጋ ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ፣ ተመለስኩ። በሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው መወጣጫ ድረስ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ እማዬ እየተኮሰች ትጠይቀኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። በየቀኑ ነው። አንድ ቀን ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ።»

አራት ዓመት! ሰው የደረሰበትን ክፉ ነገር ለመርሳት ስንት ይደክማል፤ ይቺ ልጅ ግን በየቀኑ እያነሳች፣ እየጠረበች፣ እየለቀመች ስታስተካክለው ኖራለች። አንዲት የፖሊስ ሴትዮ ደስ እንዲላት ብላ።

ያም ሆኖ ነገ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ደርሷል። እንደ ሐኪሟ ትምህርት ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «እስቲ ደግሞ ደብተሩን ተዪውና፣ ያን ጊዜ ያየሽው፣ የሰማሽው፣ የሸተተሽ፣ የነካሽው ነገር ካለ ንገሪኝ። ማንኛውም። የማይረባ የሚመስልም ቢሆን።»

«ከዚህ ሌላ የለም።»

«አትቸኩዪ። ጊዜ አለን።»

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። «ሽታማ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። አንድ የሆነ ነገር ሳልጽፍ አልቀረሁም፤ ሰረዝኩት።»

«ምን ነበር?»

«ምን እንደነበር… አስቸገረኝ እኮ፤ መሃል እየገባ ቅደም ተከተሉን ያበላሽብኝ ነበር። ገፍቼ ገፍቼ አወጣሁት። አሁን የለም።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ተረቱ ልክ ነው፤ ግን የተወጋውን ተቀምጦ በግድ የሚያስረሳ ወንፊት እንዳለ ተረተኛው አላወቀም። አሁን የሚያስታውሰው የወጋው ሆኖ አረፈው። ሳጅኗ ያቺን ቃል ምላሷ ላይ ይዛታለች። ሦስት ፊደል ብትሆን ነው። «ቀለም» ብትላት ልጅቷ ብድግ ብላ «አዎ!» ትላለች፤ ሰውዬውም ይታሰራል። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ማንም የለም፤ ማንም አያውቅም። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ይቺ ልጅ ያልኳትን ሁሉ ትቀበለኛለች፣ በዚያው ነው ዱሮም የበደልኳት፣ አለች በልቧ፤ የውሃውን ብርጭቆ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችላት።

ልጅቷ ፈርማ ሄደች። ስትወጣ «ደህና ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀች። ሳጅኗ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ዐቃቤ ሕጉ ቃሉን ቆሞ ነው ያነበበው። ሁለቴ አነበበውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ምን ላድርገው?» አለ። «እኔ ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ዳኛው አልወሰዱም። የሰውዬው ጠበቃ ሦስቴ ይጠይቃታል፣ ሦስቴም አንድ ዓይነት ትመልሳለች። አስጠንተዋት ነው የመጣችው ይላል። ከተማሪ ልጅ እንኳ እንዲህ ያለ ሽምደዳ አይሰማም። በላዩ ላይ የድሮው መዝገብ እርስ በርሱ ይጋጫል ይላል፤ ያንቺ ፊርማ፣ የኔ ፊርማ።»

«እኔ እመሰክራለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ቲነር ይሸታል ብላኝ ነበር፣ አያስፈልግም ብዬ በጨቅኩት ብዬ። ከሥራ ያባርሩኝ! ጡረታዬን ይከልክሉኝ!»

«ሰውዬው ከተያዘ በኋላ ትዝ ያላት መርማሪ ይሉሻል፣ እህቴ።» ዐቃቤ ሕጉ ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «የበጨቅሽው ወረቀት ቢኖር ኖሮ…»

ቢሆንም የእሷን ምስክርነት ጽፎ አያያዘው፤ ይህን አልነፈጋትም። ዓርብ ዕለት ዳኛው ሁለቱንም አነበቡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ያቺ የአራት ዓመት አንድ መስመር ሁሉንም አሸነፈች። ቀለም ቀቢው ዋስ ጠርቶ፣ ቀበቶውን መልሰውለት፣ እየታጠቀ በደረጃው ወረደ። ሳጅኗ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። በአጠገቧ ሲያልፍ ሸተታት።

ለልጅቷ እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት አለች። ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ይበቃል ብሏት ነበር፤ አልሰማችውም።

ልጅቷ የምትሠራበት ስፌት ቤት የስፌት መኪናው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። አሠሪዋን ጠይቃ አስጠራቻት። ልጅቷ የክር ቁርጥራጭ ከእጅጌዋ ላይ እያራገፈች ወደ በሩ መጣች፤ ከኋላዋ አሥራ ምናምን ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ይሰፋሉ።

«ተለቋል» አለቻት ሳጅኗ። ሌላ ማለዘቢያ ቃል መንገዱን ሁሉ ፈልጋ አላገኘችም። «ያንቺን ቃል… አልተቀበሉትም።»

ልጅቷ አልጮኸችም። ከንፈሯ ብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሳጅኗ መጀመሪያ ጸሎት መስሏት ነበር፤ ቀረብ ስትል «አሥራ አራተኛው… በቀኝ እጁ…» የሚለውን ሰማች። እያንዳንዱን መስመር እየፈተሸች ነው፤ ከላይ እስከ ታች ወርዳ ጨረሰችው።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለች።

«የትም። አፈር ልብላልሽ የኔ ልጅ፣ የትም አልተሳሳትሽም። ዱሮም አልተሳሳትሽም። እኔ ነኝ…»

«ግድ የለም እትዬ፣ ይንገሩኝ» አለች ልጅቷ፣ የሳጅኗን እጅ ይዛ እያባበለቻት። «አልቀየምም። ለሚቀጥለው አስተካክዬ አጠናዋለሁ።»